መውጣቱን እንጂ መውረዱን ሳናስብ፦ ከቤተሰብ ጋር በባቢሌ ዐለቶች ላይ ያሳለፍናቸው ሁለት ቀናት

ከባቢሌ ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ፣ ዳካታ በሚባለው ሸለቆ ውስጥ፣ አንዱ በሌላው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አሁን ወደቀ አሁን ወደቀ የሚያሰኘውን ድንጋይ አይቶ የማያውቅ የድሬዳዋም ሆነ የሐረር ሰው ጥቂት ነው። እኔም ለብዙ ዓመታት በመኪና መስኮት እያየሁት ሳልፍ ኖሬአለሁ። ባለፈው ጥር ወር ግን ከቤተሰቤና ከጓደኞቻችን ጋር ሆነን ቅዳሜና እሑድን በዚያ ዐለት ላይ በመውጣት ልናሳልፍ ሄድን፤ እኔም ቁርጭምጭሚቴን ታስሬ ለስድስት ሳምንት ቤት ተቀመጥኩ። የ13 ዓመት ልጄ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነገር ሊደርስበት ሲል ለጥቂት ተረፈ። የተሳሳትንባቸው ነገሮች ማንኛውም ቤተሰብ ሳያስበው ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ስለሆኑ፣ እንዲህ ያለ ጉዞ የምታስቡ ሁሉ ከእኛ ስሕተት እንድትጀምሩ ብዬ ይህን ጽፌአለሁ።

ሐሳቡን ያመጣው ታናሽ ወንድሜ ነው። በሚኖርበት አገር በትርፍ ጊዜው ዐለት የመውጣት ልማድ ስላለው፣ ለዕረፍት ሲመጣ ገመዱን፣ የወገብና የጭን መታጠቂያውን (እነሱ ሃርነስ ይሉታል)፣ ሦስት ሄልሜትና ልዩ ልዩ የብረት ማያያዣዎችን በሻንጣው ይዞ መጣ። «እትዬ፣ ሰው ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የሚሄድበት ዓይነት ድንጋይ ደጃችሁ ላይ ተቀምጦ እናንተ ከሥሩ ለውዝ ትበላላችሁ» ብሎ ሲያሾፍብን ሁላችንም ተነሣሣን። ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችን፣ አማቴ፣ ወንድሜ፣ እንዲሁም ከሐረር የሚቀላቀሉን ባልና ሚስት ጓደኞቻችን፣ በድምሩ ስምንት ሰዎች ሆነን ሚኒባስ ተከራየን። ዐለት ላይ ወጥቶ የሚያውቀው ከስምንታችን አንዱ ብቻ መሆኑን አሁን ሳስበው፣ ጉዳዩ ገና ከዚያ ላይ በጥንቃቄ መታየት እንደነበረበት ይገባኛል።

የመጀመሪያው ስሕተታችን የሰዓት ነበር። ከድሬዳዋ በ12 ሰዓት ጧት ልንነሣ ተቀጣጥረን በአንድ ሰዓት ተኩል ወጣን፤ ደንገጎን ወጥተን፣ ሐረማያንና አወዳይን አልፈን ሐረር ስንደርስ፣ አማቴ ፈቲራ ሳይበሉ ሐረርን ማለፍ ነውር መሆኑን ስለነገሩን ቁርሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ከሐረር ባቢሌ ከ30 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ እኛ ግን ባቢሌ ላይም ለለውዝ ቆምን። ዐለቶቹ ሥር ስንደርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ሹፌራችን ጥላ ፍለጋ መኪናውን የደረቀ ወንዝ አሸዋ ላይ ሊያቆም ሲል ባለቤቴ በቁጣ ከለከለው፤ በጥር ወር ዝናብ ባይጠበቅም፣ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ በሌሊት ከተማችንን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ ያደረገውን ያየ የድሬዳዋ ሰው በደረቅ ወንዝ ውስጥ መኪና አያቆምም። በዚያን ቀን በትክክል ያደረግነው ነገር ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በቀትር ፀሐይ የጋለ ግራናይት እጅን ከማቃጠሉም በላይ ያሳስታል። ወንድሜ በኋላ እንዳስረዳን፣ በእንዲህ ያለው ዐለት ላይ ሰውን የሚይዘው በጣት የሚጨበጥ ነገር ሳይሆን በጫማ ሶልና በድንጋዩ ሻካራነት መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ድንጋዩ ሲግል የጫማው ጎማ ይለሰልሳል፣ መዳፍም ያልባል፤ ጧት አጥብቆ የያዘ እግር በቀትር ይንሸራተታል። በዚያ ላይ ለስምንት ሰው የያዝነው ስድስት ሊትር ውሃ ነበር። በእንዲያ ያለ ሙቀት ለአንድ ሰው ለቀኑ ቢያንስ ሦስት ሊትር እንደሚያስፈልግ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዳችን ሌላው ይዟል ብለን ነበር።

ወንድሜ ገመዱን ዘርግቶ ለባለቤቴና ለጓደኛችን ስለ ቋጠሮ ማስረዳት ሲጀምር እኔ ለአማቴ ምንጣፍ አነጥፍ ነበር። ልጄን ማንም አላየውም። «እማዬ፣ እዪኝ!» የሚለውን ድምፅ ሰምቼ ቀና ስል ሰባት ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሌላ ድንጋይ አናት አጠገብ፣ አንድ ሰው ብቻ በሚያስቆም ጠርዝ ላይ ቆሟል። በእግሩ ስኒከር፣ በራሱ ላይ ምንም።

ያን ጊዜ ያደረግነውን ለመናገር አፍራለሁ፤ አጨበጨብንለት። ጓደኛችን ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሣችው፤ አባቱም «አንበሳ!» አለው። ፊቱ የተለወጠው ለመውረድ ዞር ሲል ነው። ሰው ወደ ላይ ሲወጣ የሚይዘው ነገር ከዐይኑ ፊት ነው፤ ሲወርድ ግን የሚረግጠውን የገዛ ሆዱና ጉልበቱ ይከልሉበታል። ግራናይት ደግሞ ብዙውን ጊዜ እንደ ዳቦ ጀርባ ወደ ውጭ የተነፋ ስለሆነ፣ ከላይ ለሚያየው ሰው ከሁለት እርምጃ በታች ያለው ሁሉ ባዶ ይመስላል። ልጄ የወጣበት መንገድ አልጠፋም፣ እሱ ግን ሊያየው አልቻለም። ያልተረጋጋ ድምፁን ስንሰማ ሁላችንም በአንድ ጊዜ ጮኽን፤ አንዱ «ቀኝ እግርህን!»፣ ሌላው «ተቀመጥ!»፣ አማቴ ደግሞ «ማርያም ትያዝህ!» ይሉታል። ልጁ ማንኛችንንም መስማት አቅቶት ማልቀስ ጀመረ።

እኔም ነጠላ ጫማዬን ወርውሬ በባዶ እግሬ ተከተልኩት። እናት የሆነች ሁሉ ለምን እንዳደረግኩት ይገባታል፤ ይሁን እንጂ በዚያ ቀን ከተሠሩት ስሕተቶች ትልቁ ይህ ነው። አንድ የተቸገረ ሰው የነበረው ሁለት ሆነ። ወንድሜ «እትዬ፣ ተይ!» ሲለኝ ግማሽ መንገድ ወጥቼ ነበር፤ ልጄ እግር ሥር ልደርስ አንድ ክንድ ሲቀረኝ የምይዘው አለቀ፤ ወደ ታች ሳይ እኔም መውረጃው ጠፋኝ። ፈርቼ ድንጋዩን በደረቴ አቀፍኩት። የፈራ ሰው ሁሉ እንዲህ ማድረጉ አይቀርም፤ በተዳፋት ግራናይት ላይ ግን ይህ መንሸራተቻ ነው። ሰውነት ወደ ድንጋዩ ሲጠጋ ክብደቱ ከእግር ላይ ይነሣና እግሩ ወደ ውጭ ይገፋል። መቀመጫን ከድንጋዩ ራቅ አድርጎ፣ ተረከዝን ዝቅ አድርጎ፣ ክብደትን በሙሉ ውስጥ እግር ላይ መጣል ነበረብኝ፤ ይህን የሰማሁት ግን ከወደቅሁ በኋላ ነው። ሁለት ሜትር ያህል ተንሸራትቼ ከታች በነበረ ጠባብ እርከን ላይ አረፍኩ። እርከኑ ከዐለቱ በተራገፈ ሻካራ አሸዋ ተሸፍኖ ስለነበር ግራ እግሬ በዚያ ላይ ተንሸራቶ ተጠመዘዘ። መዳፎቼና ጉልበቴ ተልጠዋል። ከመሬት ገና ሦስት ሜትር ያህል ከፍ ብዬ ነበርና መዝለልም አልቻልኩም።

በዚህ መካከል ጩኸታችንን የሰሙ አንድ ግመል የሚጠብቁ ሽማግሌ መጡ። በመጀመሪያ ያደረጉት እጃቸውን አንሥተው እኛን ዝም ማሰኘት ነበር። ከዚያም ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ልጄን በኦሮምኛ «ገድ ታኢ» አሉት፤ ቁጭ በል ማለታቸው ነው። የድሬ ልጅ ስለሆነ ገባው፤ ጀርባውን ለድንጋዩ ሰጥቶ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ሱታ፣ ሱታ» እያሉ አረጋጉት፤ ቀጥለውም ስሙን፣ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ፣ ግመል ጋልቦ ያውቅ እንደሆነ ይጠይቁት ጀመር። ልጄ እንባውን እየጠረገ ስለ ትምህርት ቤቱ ሲያወራ እኔ እርከኔ ላይ ሆኜ እሰማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህን ለብዙ ሰው ተናግሬአለሁ፦ ከፍታ ላይ ለደነገጠ ሰው የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ መጀመሪያ ያስቀምጠው፤ ቀጥሎ ስለ ሌላ ነገር ያጫውተው። ማውረዱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ወንድሜን ወደ ዐለቱ ጀርባ የመሩትም እሳቸው ናቸው። የፍየል ግልገሎች የሚወጡበት፣ ከእኛ በኩል የማይታይ ሰፊ ስንጥቅ ነበር። ወንድሜ በእሱ በኩል ገመዱን ይዞ አናቱ ላይ ደረሰ፤ ከመሬቱ ጋር አንድ በሆነው ዋና ዐለት ዙሪያ ማሰሪያውን አዙሮ አሰረ። አናቱ ላይ የተቀመጠ፣ መኪና የሚያክል ሌላ ድንጋይ ነበር፤ ለማሰር እጅግ የተመቸ ይመስላል። ወንድሜ ግን አልነካውም። የባቢሌ ዐለት ዝናው ከዚያው ከተደራረቡት ድንጋዮች ቢመጣም፣ አንዱ በሌላው ላይ ብቻውን የተቀመጠ ድንጋይ ምንም ያህል ቢገዝፍ ገመድ አይታሰርበትም፣ አይወጣበትምም። ለስንት ዘመን ሳይወድቅ የቆየ ነገር የሰው ክብደት ከጎን ሲጎትተው ምን እንደሚያደርግ ዋስትና የሚሰጥ የለም።

ልጄን መታጠቂያ አልብሶ፣ ሄልሜት አድርጎለት በገመድ አወረደው፤ ቀጥሎ እኔን። መሬት ደርሰን ስንተቃቀፍ ወንድሜ ገመዱን እየሰበሰበ ድንገት ዝም አለ። ገመዱ በአናቱ ስል ጠርዝ ላይ ሲፈገፈግ የውጭው ሽፋን አንድ ስንዝር ያህል ተበልቶ ውስጡ ያለው ነጭ ክር ይታይ ነበር። ቸኩሎ ስለነበር ከጠርዙ ላይ ምንም አላነጠፈበትም። የግራናይት ጠርዝ ኳርትዝ ያለበት ስለሆነ ክብደት ተሸክሞ ለሚፈገፈግ ገመድ እንደ ሞረድ ነው፤ ወፍራም ጨርቅ፣ ምንጣፍ ወይም የቆዳ ቁራጭ ጣል ማድረግ፣ ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ማሰሪያውን አስረዝሞ ገመዱ የሚያልፍበትን ማያያዣ ከጠርዙ በታች ማንጠልጠል ነው። ወንድሜ ጥገና የሚባል ነገር እንደሌለው ነግሮን የተጎዳውን ቦታ ቆርጦ ጣለው፤ 60 ሜትር የነበረው ገመድ ለሁለት ተከፈለ። ዋጋውን ሲጠየቅ መልስ አልሰጠም።

ስለ እግሬ አጭር ነገር ልናገር። አማቴ ከልብ በመነጨ ደግነት ቅቤ ቀብተው ሊያሹኝ እጃቸውን ሲዘረጉ ወንድሜ በአክብሮት ከለከላቸው፤ ትኩስ ውልምታን ማሸት እብጠቱን ያባብሰዋል፣ ስብራት ካለም ያንቀሳቅሰዋል። በሻሽ ጠበቅ አድርገን፣ ደም እንዳይቆም ግን ሳናስጨንቅ አሰርነው፤ ከፍ አድርጌም አስቀመጥኩት። አንድ የሕክምና ባለሙያ ያስተማረችኝ ቀላል መለኪያ አለ፦ ቁርጭምጭሚቱ የተጎዳ ሰው ቆሞ አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ ራጅ መነሣት አለበት። እኔ ሁለት እርምጃ ላይ ቀረሁ። ማታ ሐረር ራጅ ተነሣሁ፤ ስብራት አልነበረውም፤ ጅማቱ ግን ክፉኛ ተወጥሮ ነበር።

ያደርነው በጁገል (በግንብ በታጠረው አሮጌው ሐረር) ውስጥ በጓደኞቻችን ዘመዶች ቤት ነው። ነደባው (በሐረሪ ቤት ውስጥ ያለው ከፍ ያለ መቀመጫ) ላይ እግሬን ትራስ አስደግፌ ጋደም ባልኩበት፣ ሁሉም ዙሪያዬን ተቀምጦ ቡና እየጠጣ፣ እሑድ ይቅር ወይስ እንመለስ የሚለው ክርክር ተነሣ። እኔ ይቅር ባይ ነበርኩ። ወንድሜ ግን «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ገመዱን ከማውጣቴ በፊት ማንም ያለ እኔ ፈቃድ ከገዛ ቁመቱ በላይ እንዳይወጣ መናገር ነበረብኝ። አሁን ትተነው ከሄድን ግን ልጁ የሚያስታውሰው ያቺን ጠርዝ ብቻ ነው» አለ። ልጄ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ብዙ ካሰብኩ በኋላ ተስማማሁ።

እሑድ ከሐረር የወጣነው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። 30 ሊትር ውሃ ጫንን። ባቢሌ ስንደርስ በቅድሚያ የአካባቢውን ሰዎች አነጋገርን፤ ቅዳሜ ማንንም ሳንጠይቅ መግባታችን ነውር መሆኑን ሽማግሌው በትሕትና ነግረውን ነበር። አንድ የአካባቢው ወጣት በክፍያ አብሮን ዋለ። ጥቅሙ ወዲያው ታየ፤ ወንድሜ የመረጠውን የመጀመሪያ ዐለት ገና ከሩቅ አይቶ ንብ አለበት ብሎ አስቀየረን። ቀርበን ስንሰማ እውነትም ስንጥቁ ውስጥ ይጮሃል። በእነዚህ ስንጥቆች ውስጥ ንብም፣ እባብም፣ ጊንጥም ይኖራል፤ ስለዚህ ዐይናችሁ ያላየው ቦታ እጃችሁን አትስደዱ። ገመድ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ከንብ ሊሮጥ አይችልም።

ወንድሜ ዐለቱን እንደ ቤት በር በጣቱ እያንኳኳ ዞረ። የቀን ሙቀትና የሌሊት ቅዝቃዜ የግራናይትን ገጽ እንደ ሽንኩርት ይልጠዋል፤ ሊላቀቅ የተቃረበው ንጣፍ ሲመታ እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። እንዲያ ያለውን በኖራ ምልክት አደረገበት፤ እጅም እግርም እንዳይነካው። ማሰሪያውን በሁለት የተለያዩ ቦታዎች አደረገ፤ አንዱ ቢለቅ ሌላው እንዲይዝ። ገመዱ ከላይ በማያያዣ አልፎ አንዱ ጫፍ ዐለቱን በሚወጣው ሰው (ወጪው) ላይ፣ ሌላው ከታች ሆኖ ገመዱን በሚይዝለት ሰው (ገመድ ያዡ) ዘንድ ስለሚሆን፣ ሁለቱም ወደ ታች ሲጎትቱ ማሰሪያው የሚሸከመው የወጪውን ክብደት ብቻ ሳይሆን እጥፉን ገደማ መሆኑን ነገረን። በእኔ በኩል ይህን ስሰማ ቅዳሜ ዕለት በተበላ ገመድ መውረዴን አስቤ ላብ አጠመቀኝ። ገመዱ አጥሮ ስለነበር፣ ሳይታወቅ ተንሸራቶ ከያዡ እጅ እንዳያልፍ ነፃው ጫፍ ላይ ወፍራም ቋጠሮ አሰረ።

ከዚያ በኋላ ወደ ላይ ይወጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ማንንም አላስወጣም። ከአንድ ሜትር የማይበልጥ ተዳፋት ድንጋይ መርጦ መውረድን ብቻ አስተማራቸው። ፊትን ወደ ድንጋዩ አዙሮ፣ እጅን ከደረት በታች አድርጎ፣ አንዱን እግር ከማንሣት በፊት የሚያርፍበትን በትከሻ አሻግሮ አይቶ መውረድ። ባለቤቴ በመጀመሪያ እንደ ልጅ ጨዋታ ቆጥሮት ሳቀ፤ ሁለት ጊዜ በመቀመጫው ካረፈ በኋላ ሳቁን ተወ። ከልጆች ጋር የምትሄዱ ከሆነ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ ይህችን አንዲት ሰዓት ብትወስዱልኝ ይበቃኛል።

የስድስት ዓመት ሴት ልጄ በገመድ አልወጣችም። በዚያ ዕድሜ ዳሌ ገና ስላልወጣ የወገብ መታጠቂያው ሊሾልክ ወይም ልጅቱን ሊዘቀዝቃት ይችላል፤ ለትንንሽ ልጆች ትከሻን ጭምር የሚይዝ መታጠቂያ ያስፈልጋል፤ እኛ ደግሞ አልነበረንም። አለቀሰች፤ እኛም አልተሸነፍንም። ከቁመቷ የማይበልጥ ድንጋይ ላይ አያቷ እያዩዋት ስትጫወት ዋለች።

ወጪና ገመድ ያዥ ከመነሣታቸው በፊት አንዱ የሌላውን ቋጠሮ፣ መታጠቂያና የማያያዣ መቆለፊያ በእጁ እየነካ ይፈትሽ ነበር፤ ወንድሜ ራሱም አልቀረለትም። የእሱን ቋጠሮ የፈተሸችው ጓደኛችን፣ ባለ ስምንት ቁጥሩ ቋጠሮ ጭራው አጭር መሆኑን አይታ መልሳ አስፈታችው። ለዓመታት የሠራ ሰው በወሬ መካከል እንዲህ ሊስት ይችላል። ጓደኛችንም ቀጥላ እስከ አናቱ ወጣች፤ ባለቤቴ ሁለት ሦስተኛው ላይ «በቃኝ» ብሎ ወረደ። በአራት ሰዓት ተኩል ድንጋዩ መጋል ሲጀምር ወንድሜ፣ ተራ የሚጠብቅ ሰው እያለ፣ ገመዱን አወረደ። ቅር ያላቸው ነበሩ።

ልጄ ተራው የደረሰው በሦስት ሰዓት ገደማ ነበር። ታጥቆ፣ ተፈትሾ፣ ሦስት ሜትር ያህል ወጣና ቆመ። ትንፋሼን ያዝኩ፤ ማንም እንዳይናገረው ግን እጄን አነሣሁ። ወደ ታች በትከሻው አሻግሮ ተመለከተና «አጎቴ፣ ከዚህ በላይ ከወጣሁ ስወርድ የምረግጠው አይታየኝም፤ ልመለስ» አለ። ወንድሜም «ተመለስ» አለው። ገመዱ ሳይሸከመው፣ በገዛ እግሩ፣ እየረገጠ ወረደ። ከዚያ በኋላ ወደ ረጅሙ ዐለት አልተመለሰም፤ ከእኅቱ ጋር አጭሯ ድንጋይ ላይ ሄዶ፣ በደንብ ለወረደ ለእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ፍሬ ለውዝ ከአጎቱ ሊቀበል ተወራርዶ መውጣትና መውረዱን ተያያዘው። ሽማግሌውም ግመሎቻቸውን ይዘው ብቅ አሉና አጠገቤ ተቀምጠው ይቆጥሩለት ጀመር። 23 ላይ ሲደርስ ለውዙ አለቀ፤ እኅቱ በልታው ነበር።